ተማሪዎች ራሳቸውን በማኅበራዊ መሰላል ላይ የት ያስቀምጣሉ? መልሱስ ስለ ደኅንነታቸው ምን ይነግረናል?

ማዕዶት (ውይይቱን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ነኝ። በየዓመቱ የምናስሞላው የደኅንነት መጠይቅ አለን፤ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ጭንቀት፣ ስለ ጓደኝነትና ከትምህርት ቤቱ ጋር ስላላቸው ቅርበት ይጠይቃል። ለሚቀጥለው ዙር አንድ ጥያቄ እንጨምር ብዬ ሐሳብ ባቀርብ ስብሰባው ለሁለት ተከፈለ።

ጥያቄው ብዙዎቻችሁ የምታውቁት የመሰላል ሥዕል ነው። አሥር እርከን አለው። ከላይ ገንዘብ፣ ትምህርትና የተከበረ ሥራ በብዛት ያላቸው፣ ከታች ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ያላቸው ሰዎች ቆመዋል እንበል፤ የእናንተ ቤተሰብ የትኛው እርከን ላይ ነው? መለኪያውን ናንሲ አድለርና ባልደረቦቻቸው በ2000 አስተዋወቁት (ዓመታቱን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በማግስቱ ዓመት ኤሊዛቤት ጉድማንና ባልደረቦቻቸው ለታዳጊዎች የሚሆነውን ቅጂ ሲያወጡ ሁለተኛ መሰላል ጨመሩበት። ይኸኛው ቤተሰብን ትቶ ተማሪው ራሱ በትምህርት ቤቱ ውስጥ በክብር፣ በውጤትና በተሰሚነት የት እንደሚቆም ይጠይቃል።

አንዱ ወገን «የወላጆቻቸው ሥራና የትምህርት ደረጃ መዝገባችን ላይ እያለ ስሜታቸውን መጠየቅ ምን ይጨምርልናል?» ይላል። ሌላው ወገን ጥያቄው ራሱ ያቆስላል ባይ ነው፤ ልጅን «ስንተኛው ላይ ነህ?» ማለት ያላሰበውን እንዲያስብ ማድረግ ነው ይላሉ። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። መዝገቡ ላይ አንድ ዓይነት ኑሮ ያላቸው ልጆች ቢሮዬ ሲመጡ ስለ ራሳቸው ፈጽሞ የተለያየ ነገር ያወራሉ። አንዱ «እኛ እንደማንኛውም ሰው ነን» ይላል፤ ሌላዋ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ለመቆም ታፍራለች። ይህ ልዩነት ከምን ይመጣል? ልንለካውስ ይገባል?


የሒሳብ ደብተር

ከቁጥሩ ልጀምር። በ2020 አድለር ራሳቸው የተሳተፉበት ትልቅ ትንተና ታትሟል፤ 357 ጥናቶችንና ከ2.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን አንድ ላይ ያየ ነው። በገቢና በትምህርት የሚለካው ደረጃ ሰው ስለ ሕይወቱ ከሚሰማው ደኅንነት ጋር ያለው ተዛምዶ (0 ማለት ምንም ግንኙነት የለም፣ 1 ማለት ፍጹም አብሮ ይሄዳል) 0.16 ሆነ፤ ሰው ለራሱ የሰጠው ደረጃ ግን 0.22። ስለዚህ «መዝገቡ ይበቃናል» ለሚሉት ባልደረቦችሽ መልሱ «አይበቃም» ነው። ይሁን እንጂ «ስሜቱ ከገንዘቡ እጅግ ይበልጣል» ብሎ ለማወጅም አያደርስም። በዚያው ትንተና ገቢ ለብቻው ሲወሰድ ከመሰላሉ ጋር እኩል ለእኩል ነው፤ ወደ ታች የጎተተው የትምህርት ደረጃ ነው። ደግሞም 0.22 በራሱ ሲባዛ አምስት በመቶ ገደማ ይመጣል፤ በሰዎች ደኅንነት መካከል ካለው ልዩነት ከደረጃው ጋር የሚያያዘው ይኸው ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ሌላ ምክንያት አለው።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይከፋል። ደረጃውንም ደኅንነቱንም የሚነግረን ያው አንድ ሰው ነው። ድባቴ የያዛት ልጅ ሁሉንም ነገር አጨልማ ታያለች፤ የቤተሰቧን ኑሮ ጭምር። ያን ጊዜ መሰላሉ የለካው መደብን ነው ወይስ የዕለቱን ስሜት?

ለዚህ ክርክር ካየኋቸው መልሶች ጠንካራው የመጣው ከጉንፋን ነው (አትሳቁ)። ሼልደን ኮኸንና ባልደረቦቻቸው በ2008 ባሳተሙት ሥራ 193 ጤነኛ ሰዎችን መጀመሪያ መሰላሉን አስሞሏቸው። ከዚያ በፈቃዳቸው በአፍንጫቸው የጉንፋን ወይም የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ጨመሩባቸውና ከሌላ ሰው ለይተው ተከታተሏቸው። ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ያስቀመጡት የበለጠ ታመሙ፤ ገቢና ትምህርት በስሌቱ ውስጥ ከገቡም በኋላ ውጤቱ አልተለወጠም። ቫይረስ ደግሞ መጠይቅ አይሞላም። ተሳታፊዎቹ ግን ከ21 እስከ 55 ዓመት የሆኑ አዋቂዎች ስለነበሩ ስለ ታዳጊዎች በቀጥታ አይናገርም።


ጠመኔ

ዕድሜዬን በሙሉ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። «የሚሰማቸው ደረጃ» የሚባለው ነገር የሚያስፈራኝ በአንድ ምክንያት ነው። ነገ አንድ ኃላፊ ተነሥቶ «ችግሩ ድህነቱ ሳይሆን ስለ ድህነቱ ያላቸው አመለካከት ነው» ቢልስ? አመለካከት መቀየር ወጪ የለውም። አንድ ንግግር ተደርጎ፣ ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ ሥራው ተሠራ ይባላል። መጽሐፍ መግዛት፣ ክፍያ መሸፈን፣ ማታ የሚያጠኑበት ብርሃን ያለው ክፍል ማዘጋጀት ግን ገንዘብ ይጠይቃል። መጽሐፍ የሌለው ልጅ ያጣው መጽሐፍ ነው። ስለ መሰላል እናውራ ካላችሁ መጀመሪያ መጽሐፉን ስጡትና እናውራ።


ሰንበሌጥ

መምህር፣ ስጋትዎ እውነት አለው። ነገር ግን ኑሮውንና ስሜቱን ነጥሎ ለማየት የሚያስችል አንድ መንገድ አለ፤ መንትዮች። በእንግሊዝና በዌልስ በ1994 እና በ1995 የተወለዱ 2,232 መንትያ ልጆችን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚከታተል ጥናት አለ። ከዚያ መረጃ በ2020 የታተመው ሥራ ያየው በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ገቢ ያደጉ ሁለት ልጆች ስለ ቤተሰባቸው ደረጃ ለየብቻቸው ሲጠየቁ ምን እንደሚሉ ነው። መልሳቸው ይለያያል። በ18 ዓመታቸው ቤተሰቡን ከፍ ያለ እርከን ላይ ያስቀመጠው መንትያ ከሌላው ይልቅ የተሻለ የአእምሮ ጤና ነበረው፤ ከሕግ ጋር የመጋጨቱም ሆነ ከትምህርትና ከሥራ ውጭ ሆኖ የመቅረቱ ዕድል ያነሰ ነበር። ቤታቸው አንድ፣ ገቢያቸው አንድ ስለሆነ ልዩነቱን ገቢ ሊያስረዳው አይችልም።

የሒሳብ ደብተር ያነሣው የአቅጣጫ ጥያቄ እዚህም አይጠፋም። ጤናው የተቃወሰው መንትያ ቤተሰቡን ዝቅ አድርጎ አይቶ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሊሠሩም ይችላሉ። እኔን ከሁሉም በላይ የሳበኝ ግን በ12 ዓመታቸው ግንኙነቱ እንዲህ ጎልቶ አለመታየቱ ነው። በመካከል ባሉት ዓመታት አንድ ነገር ይሆናል ማለት ነው፤ እነዚያ ዓመታት ደግሞ የማዕዶት ተማሪዎች ያሉባቸው ናቸው።


ያልተጠየቀ

ከቤተሰቤ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ የመጀመሪያው እኔ ነኝ። ባደግሁበት ሰፈር የእኛ ቤት «ደኅና ቤት» ይባል ነበር፤ የተቸገረ ጎረቤት ወደ እኛ ነበር የሚመጣው። ያን ጊዜ መሰላሉን ብትሰጡኝ ወደ ላይኛው እርከን አካባቢ ምልክት አደርግ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስገባ የአባቴ ገቢ አልቀነሰም። እኔ ግን ከታች ራሴን አገኘሁት።

ሰዎች ይህን ሲሰሙ ልብስና ስልክ ይመስላቸዋል። እሱ ይለመዳል። የማይለመደው ሌሎቹ ሁሉ የሚያውቁት፣ እኔ ግን መኖሩን እንኳ የማላውቀው ነገር መብዛቱ ነበር። መምህራን በራቸው ላይ የማማከሪያ ሰዓት ይለጥፋሉ፤ እኔ እዚያ የሚገባው ያጠፋ ወይም የወደቀ ተማሪ ይመስለኝ ነበር። ወላጆቻቸው የተማሩ ልጆች ገና ትምህርት እንደተጀመረ ገብተው ይተዋወቃሉ፤ መምህሩ በስማቸው ይጠራቸዋል። ውጤት እንዲታይልህ ማመልከት እንደሚቻል፣ ቀነ ገደብ በምክንያት እንደሚራዘም፣ የድጋፍ ደብዳቤ ከማን እንደሚጠየቅ የሚነግርህ ጽሑፍ የለም። እኔም አንድ ነገር ሳላውቅ ስቀር «አልነገሩኝም» አላልኩም፤ «ድሮም የዚህ ቦታ ሰው አይደለሁም» ነበር የምለው።

ወደ ቤት መመለሱም የራሱ ጣጣ አለው። እናቴ «ትምህርት እንዴት ነው?» ስትለኝ ከ«ደኅና ነው» ያለፈ መልስ አጣለሁ። ብነግራት ትጨነቃለች፤ ካልነገርኳት ደግሞ ኩራት የያዘኝ ይመስላታል። አማካሪዎች ስለ ዝቅተኛው እርከን ስታስቡ በሁለት እርከኖች መካከል ተንጠልጥሎ ስለቀረውም አስቡ።


ጠመኔ

ልጄ፣ ይህን በግልጽ ስለነገርከን እግዚአብሔር ይስጥልን። ሆኖም ልብ በል፤ ከዘረዘርካቸው አብዛኞቹ መረጃ ማጣት ናቸው እንጂ ስሜት አይደሉም። መረጃ እንደ መጽሐፍ ሁሉ የሚታደል ነገር ነው። የማማከሪያ ሰዓት ምን እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን አንድ ገጽ ጽፎ ማደል ማንን ይገድላል?


ሰንበሌጥ

ማንንም አይገድልም፤ ሊደረግም ይገባል። ግን ወረቀቱ ብቻውን ምን ያህል እንደሚሄድ የሚያሳይ ደስ የሚል ሙከራ አለ። ኒኮል ስቲቨንስ፣ ማርያም ሐሜዳኒና ሜስሚን ዴስቲን በ2014 ያሳተሙት ነው። በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ገቢዎች በሁለት ቡድን ተከፍለው አንድ ሰዓት ገደማ ነባር ተማሪዎች ሲናገሩ ያዳምጣሉ። ነባሮቹ ለሁለቱም ቡድን የሚሰጡት ምክር ተመሳሳይ ነው፤ መምህር አነጋግሩ፣ እርዳታ ጠይቁ፣ የሚስማማችሁን የጥናት መንገድ ፈልጉ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ በአንዱ ቡድን ተናጋሪዎቹ ምክሩን ከመጡበት ቤት ጋር ያያይዙታል። «ወላጆቼ ዩኒቨርሲቲ ስላልገቡ ኮርስ ስመርጥ የሚመክረኝ ቤት ውስጥ አልነበረም፤ ስለዚህ ከሌላው በላይ አማካሪዬን መጠየቅ ነበረብኝ» ይላሉ። በሌላው ቡድን ያው ምክር ያለ ታሪኩ ይሰጣል።

በዓመቱ መጨረሻ ታሪኩን የሰሙት የመጀመሪያ ትውልድ ተማሪዎች (ወላጆቻቸው ዩኒቨርሲቲ ያልገቡት) የበለጠ እርዳታ ጠይቀው፣ ከሌሎቹ ጋር የነበረው የውጤት ልዩነትም ጠብቦ ተገኘ። የአእምሮ ጤናን በሚመለከት ደግሞ ታሪኩን በሰማው ቡድን ውስጥ የተማሩ ወላጆች ልጆችም ተጠቅመዋል። መረጃውን ሁለቱም ቡድኖች አግኝተዋል፤ አንደኛው ቡድን በተጨማሪ ያገኘው መቸገሩ ከመጣበት መንገድ የሚጠበቅ እንጂ የችሎታ ማነስ ምልክት አለመሆኑን ማወቅ ነው። ያልተጠየቀ «ድሮም የዚህ ቦታ ሰው አይደለሁም» ያለው እኮ ይኸው ነው፤ የጎዳው አለማወቁ ብቻ ሳይሆን ላለማወቁ የሰጠው ምክንያትም ነው።


የሒሳብ ደብተር

ሙከራው ጥሩ ነው፤ ግን የአንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚህ ጋር የ2023ቱን ማንበብ ያስፈልጋል። ግሬጎሪ ዋልተንና ብዙ ባልደረቦቻቸው በ22 የትምህርት ተቋማት 26,911 አዲስ ገቢ ተማሪዎችን በኮምፒውተር አጭር ልምምድ አሠሯቸው። መልእክቱ «መጀመሪያ ላይ ባይተዋርነት የሁሉም ነው፤ በጊዜ ይቀላል» የሚል ነው። የመጀመሪያውን ዓመት በሙሉ ጊዜ ተማሪነት የሚያጠናቅቁት ቁጥር ከፍ አለ፤ ነገር ግን ይህ የሆነው ተቋሙ ለእነዚያ ተማሪዎች በእርግጥ ቦታ በሰጠባቸው ዘንድ ነው። ቦታ በሌለበት «ቦታ አለህ» ማለት አልሠራም። መምህር ጠመኔ ይህን ውጤት የሚወዱት ይመስለኛል።


ጠመኔ

እወደዋለሁ። ይህን ለማወቅ ግን ሃያ ሁለት ተቋም መዞር ባላስፈለገ።


ቃና

እኔ ደግሞ ከሌላኛው ጫፍ ልምጣ፤ ታገሡኝ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ኑሯችን ጥሩ የሚባል ነው። ታላቁን ልጄን ከምንችለው በላይ የሚያስከፍል ትምህርት ቤት አስገባነው። ባለፈው ይህን ውይይት ሳነብ ቆይቼ መሰላሉን በወረቀት ሥዬ «ቤተሰባችን የት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ሳያቅማማ አራተኛው ላይ አስቀመጠን። ትንሿ እኅቱ፣ በሰፈራችን ባለው ትምህርት ቤት የምትማረው፣ ስምንተኛው ላይ። እራት የሚበሉት አንድ ገበታ ላይ ነው!

መጀመሪያ ሳቅሁ፤ በኋላ ግን ልጁ ለምን ጓደኞቹን ወደ ቤት እንደማያመጣ ገባኝ። እና ጥያቄዬ፣ እንደ እኛ ያለውን ልጅ «ችግር የለበትም» ብሎ ማለፍ ትክክል ነው? ወይስ ቅንጦት ነው የሚባለው?


ሰንበሌጥ

ቅንጦት አይደለም እኅቴ። ያሉት ነገር በዘርፉ ውስጥ ከቆዩት ግኝቶች አንዱ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሳሙኤል ስቱፈርና ባልደረቦቻቸው የአሜሪካን ወታደሮች ሲያጠኑ ያገኙት እንቆቅልሽ አለ፤ ሥራቸው በ1949 ታትሟል። በአየር ኃይል ውስጥ የማዕረግ ዕድገት ፈጣን ነበር፤ በወታደራዊ ፖሊስ ውስጥ ዘገምተኛ። ስለ ዕድገት አሰጣጡ የበለጠ የሚያማርሩት ግን አየር ኃይሎቹ ሆኑ። በዙሪያው ሁሉም ሰው ሲያድግ ያየ ሰው ለራሱ ያልደረሰው ይታየዋል፤ ማንም በማያድግበት ቦታ የቀረ ሰው የቀረ አይመስለውም። ሊዮን ፌስቲንገር በ1954 ሰው ራሱን የሚመዝነው አጠገቡ ካሉና ከሚመስሉት ሰዎች ጋር እያነጻጸረ እንደሆነ ጻፈ። ልጅዎ ራሱን ያነጻጸረው ከአገሩ ሕዝብ ጋር ሳይሆን ከክፍሉ ልጆች ጋር ነው።

ሀብታም ቤተሰብ ውስጥ ስላሉ ልጆችም ሱኒያ ሉታር ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ሠርተዋል። በባለጸጋ ሰፈሮች ያሉ ታዳጊዎች ላይ ሰው ከሚጠብቀው በላይ ጭንቀትና የአደንዛዥ ነገር ተጠቃሚነት አግኝተዋል፤ በምክንያትነት ያነሡት ደግሞ የውጤት ጫናንና ከወላጅ መራራቅን ነው። በሌላ በኩል የእርስዎ ልጅ አራተኛው ላይ ነኝ ቢልም ቢታመም ሐኪም ያያል፤ ቢወድቅ አስጠኚ ይቀጠርለታል። አራተኛው ላይ ነኝ ብሎ ሁለቱንም የሌለው ልጅ አለ። ሕመማቸው ሊመሳሰል ይችላል፤ ከሕመሙ የሚወጡበት በር ግን አንድ አይደለም።


አወያይ

ውይይቱ ጥሩ ነው። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፤ ሁለት መልእክቶችን ያወረድኩት የትምህርት ቤት ስም እየጠቀሱ ስለሚከሱ ነው። ልምዳችሁን ጻፉ፤ ስም አትጥሩ።


እንዝርት

የመካከለኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። እስካሁን ስለ ዩኒቨርሲቲ ነው የተወራው፤ የእኔ ተማሪዎች ግን ማነጻጸርን የሚማሩት እዚሁ ክፍላችን ውስጥ፣ በእኛው እጅ ነው። ሰባስቲያን ጉዶና ዣን ክሎድ ክሯዜ በ2017 ያሳተሙትን የፈረንሳይ ሙከራ ካነበብኩ ጀምሮ አንድ ልማዴን ትቻለሁ። ተማሪዎቹ የመጀመሪያው የመካከለኛ ደረጃ ክፍል ልጆች ናቸው። በአንዱ ሁኔታ መልሱን ያገኘ እጁን እንዲያወጣ ይደረጋል፤ በሌላው ሁሉም ዝም ብሎ ይሠራል። እጅ በሚወጣበት ጊዜ ከሠራተኛው መደብ የመጡት ልጆች ውጤት ወረደ፤ ልዩነቱ ሰፋ።

ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው ይበልጥ የገረመኝ። ለሁሉም አዲስ የሆነ ሥራ አዘጋጅተው ለግማሾቹ አስቀድመው ብዙ ልምምድ ሰጧቸው። እንደተጠበቀው ልምምድ ያነሳቸው፣ የሌሎቹን የወጣ እጅ እያዩ ወደቁ። «አንዳንዶቹ ቀድመው ተለማምደዋል» ተብሎ ሲነገራቸው ግን ጉዳቱ ቀነሰ። የወጣው እጅ «እሱ ጎበዝ ነው፣ እኔ ደደብ ነኝ» የሚል ትርጉም መስጠቱን አቆመ ማለት ነው።


ጠመኔ

አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ እጅ ማውጣት ከቀረ ክፍሉ መቃብር አይሆንም? ተማሪ ሐሳቡን መናገርን የሚለምደው የት ነው? ደግሞ ፈጣኑን ልጅ አፍህን ዝጋ ማለት ሌላ በደል ነው።


እንዝርት

አልከለከልኩም መምህር። የተውኩት «የጨረሰ እጁን ያውጣ» የሚለውን ሩጫ ነው። አሁን ሁሉም መልሱን በወረቀት እስኪጽፍ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ወረቀቱን ይዞ የሚናገረውን እኔ እመርጣለሁ። ፈጣኑ ልጅ እስከዚያ ሁለተኛ መንገድ ይፈልግ እላለሁ። ክፍሉ ጸጥ ያለ ሆኖ አያውቅም፤ እንዲያውም ድምፃቸውን ሰምቼ የማላውቃቸው ልጆች ናቸው አሁን የሚያስቸግሩኝ።

በዚያው ሌላም ነገር አስተውያለሁ። ክፍያ ያልከፈሉ ተማሪዎችን ስም በክፍል ፊት ማንበብ፣ የነጻ ደብተር የሚወስዱትን በሰልፍ ማቆም፣ ወላጅ ያልመጣለትን ልጅ ከፊት ማስነሣት፤ እነዚህ ሁሉ መሰላሉን የምንሠራው እኛ መሆናችንን የሚያሳዩ ናቸው። ልጁ ቤቱ ስንተኛ እንደሆነ ላያውቅ ይችላል፤ ስሙ ሲነበብ ግን ያውቃል።


ማዕዶት

ብዙ ሰጣችሁኝ። እንዝርት፣ የስም ንባቡ በእኛም ዘንድ አለ፤ ይህን ሳነብ ፊቴ ነው የቀላው። አንድ ነገር ግን አሁንም ይጨንቀኛል። መጠይቁ ዝቅ ያለ መልስ ሰጥቶ ደኅንነቱም ዝቅ ያለውን ልጅ ያሳየኛል። ዝቅ ያለ እርከን መርጦ ሁሉም ነገር «በጣም ጥሩ» የሚለውንስ? ተሸላሚ፣ ጨዋ፣ ቢሮዬ መጥቶ የማያውቅ። እሱን እንደ ጠንካራ ልጅ ቆጥሬ ልለፈው?


ሰንበሌጥ

አትለፊው። ጂን ብሮዲና ባልደረቦቻቸው በ2013 ያወጡት ሥራ ስለዚህ ልጅ ነው። በአሜሪካ በጆርጂያ ገጠር ያደጉ ጥቁር ወጣቶችን ከልጅነት ጀምሮ ተከታትለዋል። ከዝቅተኛ ኑሮ መጥተው መምህራኖቻቸው «ብርቱ፣ ራሱን የሚገዛ» ያሏቸው ልጆች 19 ዓመት ሲሆናቸው የድባቴ ምልክታቸው ዝቅተኛ፣ ጠባያቸውም ያማረ ነበር። የደም ግፊታቸው፣ የጭንቀት ሆርሞናቸውና የመሳሰሉት አንድ ላይ ሲለኩ ግን ሰውነታቸው ብዙ ጫና ተሸክሞ ተገኘ። ከላይ ሲታዩ የተሳካላቸው ናቸው፤ ዋጋውን የከፈለው ገላቸው ነው። ስለዚህ ስለ እንቅልፍ የምትጠይቁትን ክፍል አታሳጥሩት። ስሜቱን የሚደብቅ ልጅ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ እውነቱን ይናገራል።


ያልተጠየቀ

እኔ ያ ልጅ ነበርኩ። ማንም «አንተስ?» ያለኝ አልነበረም፤ ውጤቴ ጥሩ ነበርና። የመድረክ ስሜን ከዚያ ነው የወሰድኩት። ማዕዶት፣ ለመጥራት ሰበብ ከፈለግሽ «ውጤትህ ጥሩ ነው፤ ይህን ለማምጣት ምን እያስከፈለህ ነው?» በይው። እኔን እንደዚያ ብለው ቢጠይቁኝ ኖሮ እቀመጥና አወራ ነበር።


የሒሳብ ደብተር

ወደ መጠይቁ ልመልሳችሁ፤ አለበለዚያ ማዕዶት ባዶ እጇን ስብሰባ ልትገባ ነው።

ሁለቱንም መሰላሎች አስገቢ። የትምህርት ቤቱ መሰላል ይበልጥ ይጠቅምሻል፤ ልታስተካክሉት የምትችሉት እሱን ነውና። ከደኅንነት ጥያቄዎቹ በኋላ ይምጡ። ቀድመው ከመጡ ልጁ ስለ ደረጃው እያሰበ ስለ ስሜቱ ይመልሳል፤ ያኔ የተቃዋሚዎችሽ ስጋት በከፊል እውነት ይሆናል። «ስንተኛ ነህ?» አትበሉ፤ «በሥዕሉ ላይ የትኛው ቦታ ለቤተሰብህ ይቀርባል?» በቂ ነው። መዝለልም ይፈቀድ።

ከመሰላሉ ጎን ተጨባጩን ኑሮ የሚጠይቁ ጥቂት ጥያቄዎች ያስፈልጋሉ፤ መምህር ጠመኔ የሚሉት መጽሐፍ እንዳይረሳ። 11፣ 13 እና 15 ዓመት የሆናቸውን ልጆች በብዙ አገሮች የሚጠይቀው፣ ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር የሚሠራው የታዳጊዎች ጤና ጥናት የወላጅን ገቢ አይጠይቅም፤ ልጆች አያውቁትምና። የራስህ መኝታ ክፍል አለህ ወይ፣ ቤት ውስጥ ስንት ኮምፒውተር አለ፣ መኪና አለ ወይ እያለ ነው የሚጠይቀው። እናንተም ለአካባቢያችሁ የሚስማማውን ምረጡ። ተጨባጩ ኑሮና የተመረጠው እርከን የሚራራቁባቸውን መልሶች ለይታችሁ አንብቧቸው፤ አዲስ ነገር ካለ እዚያ ነው።


ጠመኔ

ውጤቱ ማን እጅ ይገባል? «ዝቅተኛ እርከን የመረጡ ተማሪዎች» የሚል ዝርዝር መምህራን ክፍል ውስጥ ሲዞር ይታየኛል። ያን ካያችሁ መሰላሉን በእጃችሁ ተከላችሁት ማለት ነው።


ማዕዶት

ዝርዝር አይኖርም መምህር። መጠይቁ ስም አይጻፍበትም፤ እርዳታ የሚፈልግ ተማሪ ወደ እኔ የሚመጣበት የተለየ ወረቀት ለብቻው ይታደላል። ለስብሰባው የማቀርበው ሁለቱን መሰላሎች በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ አምስት የተጨባጭ ኑሮ ጥያቄዎችን ከፊታቸው አድርጌ ነው። ከመጠይቁ በፊት ግን የክፍያ ስም ንባቡ እንዲቀር እጠይቃለሁ፤ ለወላጅ በታሸገ ፖስታ መላክ ይቻላል። ስም እየተነበበ ባለበት ትምህርት ቤት «የት እንደምትቆም ይሰማሃል?» ብሎ መጠየቅ ያሳፍራል። ውጤቱን በክፍል ደረጃ (ዘጠነኛ፣ አሥረኛ እያልን) ለይተን ለማሳወቅ ግን አስበን ነበር። ይቻላል?


የሒሳብ ደብተር

በክፍል ደረጃ ይቻላል፤ በአንድ የመማሪያ ክፍል ደረጃ ግን አይሁን። አንድ እርከን የመረጡት ከአሥር ካነሱ ለብቻቸው አታውጧቸው፤ ከአጠገቡ ካለው እርከን ጋር ደምሯቸው። የታችኛውን እርከን ሁለት ልጆች ብቻ መርጠው ውጤቱ ከተለጠፈ፣ ስም ባይኖርም ክፍሉ በሙሉ እነማን እንደሆኑ እስከ ምሳ ሰዓት ያውቃል።